አከራያችን ግቢውን ሸጡት፤ ሦስቱ ውሾቼ ግን እዚያ ተቀብረዋል

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ47 ዓመት ሴት፣ ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን የምተዳደረውም በልብስ ስፌት ነው። የምጽፍልዎት ጉዳይ ለብዙ ሰው ቀልድ እንደሚመስል ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለፉት 12 ዓመታት ውስጥ ከመንገድ ያነሣኋቸው ሦስት ውሾች ነበሩኝ። የመጀመሪያዋ ጉሬዛ ናት፤ ጥቁርና ነጭ ስለነበረች ያኔ የ4 ዓመት ሕፃን የነበረው ልጄ በሐይቁ ዳር ዛፎች ላይ በሚያያቸው ጉሬዛዎች ስም ጠራት። ልጄ 9 ዓመት ሲሆነው አንድ ምሽት የግቢውን በር ሳይዘጋ ቀርቶ ወጣች፤ መንገድ ላይ የተጣለ መርዝ በልታ ሞተች። ሁለተኛው አምባዛ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውስጥ፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት በሚሻሙበት ቦታ፣ ባጃጅ የኋላ እግሩን ሰብሮት ወድቆ አገኘሁት፤ ከጢሙ ርዝመት የተነሣ ስሙን ያወጡለት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። በሦስት እግሩ እየነጠረ 9 ዓመት ከእኛ ጋር ኖረና ባለፈው ዓመት አርጅቶ በእንቅልፉ ሞተ። ሦስተኛዋ እንግዳ ናት፤ ጉሬዛ በሞተች በወሩ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ እኔ ሳልፈልጋት ራሷ መጥታ በራችን ሥር ተኛች። «ለዛሬ እንግዳ ናት፤ ነገ ትሄዳለች» ብዬ አስገባኋት፤ 7 ዓመት ቆየች። እናቴ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት ከአልጋዋ ሥር አልተነሣችም።

እንግዳ የሞተችው ከሁለት ወር በፊት በኩላሊት ሕመም ነው። ውሃ አብዝታ ስትጠጣ ሙቀቱ ነው ብዬ ችላ አልኩ፤ ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ሕመሙ ሥር ሰዷል፣ ጊዜው አልፏል ተባልኩ። ሐኪሙ ሥቃይዋን ለማሳጠር መርፌ እንድትወጋ ሐሳብ አቀረበልኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ስትወጋ ጭንቅላቷን ይዤ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ እሷ በር እንድከፍትላት በምትቀሰቅሰኝ ሰዓት፣ እነቃለሁ፤ ተመልሼም አልተኛም።

ሦስቱም የተቀበሩት በተከራየነው ግቢ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ነው፤ ሦስቱንም ጉድጓድ የቆፈረው ባለቤቴ ነው። አሁን አከራያችን ግቢውን ሸጠውታል። ገዢው ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ስለሆነ በሁለት ወር ውስጥ ለቀን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልንገባ ነው። አጥንታቸውን አውጥቼ ይርጋለም ባለው የባለቤቴ ቤተሰቦች ግቢ ልቅበራቸው ስል ባለቤቴ «ይኼ ዕብደት ነው» አለኝ። ቡና ላይ ዓይኔ እንባ ሲያቀር ያየች ጎረቤቴ «ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ከሳቃቸው የበለጠ ያሳፈረኝ ግን እናቴ ከሦስት ዓመት በፊት ስትሞት እንኳ እንዲህ አለማልቀሴ ነው። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? በዚህ ላይ ሰሞኑን አንድ ቡችላ እየመጣ በራችን ላይ ይተኛል፤ ላስገባው እፈልጋለሁ፤ ላስገባው ብዬ ሳስብ ደግሞ የከዳኋቸው ይመስለኛል። የአንገታቸው ማሰሪያ ሦስቱም በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ እስካሁን መሳቢያውን መክፈት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከሐዋሳ

ውድ እህታችን፣

አልዋሽዎትም፤ ደብዳቤዎን መጀመሪያ ሳነበው «አምባዛ» የሚለው ስም ላይ ስደርስ ሳቅ ብዬ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ መቅደድዎን የነገሩኝ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። ሰው ሐዘኑን ከመናገሩ በፊት ስለ ሐዘኑ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባው ሁለት ሸክም ተሸክሟል ማለት ነው። የአጥንቱን፣ የአዲሱን ቤትና የቡችላውን ነገር ወደ ኋላ አቆይቼ በዚህ ልጀምር፤ ይፍቀዱልኝ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?» ብለው ጠይቀዋል። እናትዎ ባረፉ ጊዜ የሆነውን እስቲ መለስ ብለው ያስቡት። እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቤትዎ ቀንና ሌሊት ሰው ሳያጣ የሰነበተ ይመስለኛል። የገባው ሁሉ «እንዴት ሆኑ? መቼ ጠናባቸው? ምን አሉ?» እያለ ሲጠይቅዎ ያንኑ ታሪክ መላልሰው ተናግረውታል፤ ለቅሶ ቤት ማለት በመጨረሻው እኮ የሟቹ ታሪክ ተነግሮ እስኪበቃው የሚነገርበት ቤት ነው። ከዚያም ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እያለ ጊዜው ራሱ ሐዘኑን እየቆራረሰ ያነሣል። እንግዳ በሞተች ማግስት የሆነውን ደግሞ ልገምት፤ የደንበኛ ቀሚስ ደርሶብዎት ከስፌት መኪናዎ ፊት ተቀምጠው ዋሉ። «እንዴት ሆነች?» ብሎ የጠየቀዎት ሰው አልነበረም። ኬኔት ዶካ የተባሉ አሜሪካዊ የሐዘን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ በእኛ አነጋገር ማኅበረሰብ ዕውቅና የነፈገው ሐዘን እንደ ማለት ነው። ለቅሶ የማይደረስለት፣ ከሥራ ፈቃድ የማይጠየቅበት፣ «ነፍስ ይማር» የማይባልበት ሐዘን ነው። ለእናትዎ ብዙ ሰው አብሮዎት አለቀሰ፤ አሁን የሁሉንም ድርሻ ብቻዎን እያለቀሱ ነው። የእንባዎን መጠን አስተያይተው በራስዎ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ይህን ልዩነት በሚዛኑ ላይ ያኑሩት።

አንድ ነገርም ልጠይቅዎ። እናትዎ አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት የነበሩትን ሌሊቶች የሚያውቁት ሦስት ነበሩ፤ እናትዎ፣ እርስዎና ከአልጋው ሥር የተኛችው እንግዳ። አሁን የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሲነቁ እንባው ለማን እንደሚፈስ ለይተው ያውቁታል? እኔ የሚመስለኝ እንግዳ ስትሄድ ያ የማስታመም ዓመት ከእርስዎ ሌላ የቀረውን አንድ ምስክሩን ማጣቱ ነው። ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ልክ ከሆንኩ ደግሞ ለእናትዎ ሳያለቅሱት የቀሩት አሁን እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ይውጣ።

ጎረቤቶችዎን ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ አላምንም። ቋንቋችን ራሱ ያስተማራቸው ነገር አለ። ሰው ተገድሎ ጠያቂና ፈላጊ ሲያጣ «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን፤ ከልብ በግዕዝ ውሻ ነውና የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ማለታችን ነው። (ለንባብ ጠብቆና ላልቶ ቢለያይም ይኸው ቃል በአማርኛ «ከልብ የመነጨ» ስንል ከምንጽፈው ጋር በፊደል አንድ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) በዚያው ልክ መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻ እንደተከተላቸው፣ ሲመለሱም ከኋላቸው እንደነበረ ያስታውሳል፤ መጽሐፉ ውሻው ይህን ሠራ፣ ያን አደረገ አይልም፣ አብሮ መሄዱን ብቻ ይነግረናል። ከሳቁ ጀርባ ፍርሃት መኖሩንም መዘንጋት አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል፤ ከመቶው 99 ያህሉ የሚያዙት ከውሻ ሲሆን ከሟቾቹም ከመቶ 40 ገደማ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አገራችንም በሽታው ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ናት። ልጇን በዚህ መንገድ ያጣች እናት የሚያውቅ ሰው ውሻ ሲታዘንለት ቢያይ ግራ ቢጋባ አልፈርድበትም። ለእነርሱ ማስረዳት ግን የእርስዎ ግዴታ አይደለም። ከዚያ ቡና ጀማ መካከል ያልሳቀች አንዲት ሴት አልነበረችም? ካለች ለብቻዋ ያነጋግሯት፤ አንድ ሰው ይበቃል።

አሁን ወደ መርፌው። «ሙቀቱ ነው ብዬ ችላ አልኩ» ያሉት ዓረፍተ ነገር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደጋግሞ እንደሚመጣብዎት እገምታለሁ። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለበት ውሻ ውሃ ማብዛትና መክሳት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከኩላሊቶቹ የሥራ አቅም ሁለት ሦስተኛው ያህል ከጠፋ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በዓይን የሚታይ ምልክት እምብዛም የለም፤ የጠፋውም ክፍል ተመልሶ አይተካም። ስለዚህ እንግዳ የውሃ ሳህኗን በጨረሰችበት በዚያው ቀን ይዘዋት ሮጠው ቢሆን ኖሮ ጥቂት ጊዜ ያገኙ ይሆናል፤ ሕመሙን ግን አይመልሱትም ነበር። ስለ መርፌውም ቢሆን ሥራው ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ ነው፤ መጀመሪያ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ትንፋሿና ልቧ የሚቆመው ከዚያ በኋላ፣ ምንም በማታውቅበት ሰዓት ነው። የመጨረሻ የተሰማት ነገር በጭንቅላቷ ላይ ያረፈው እጅዎ መሆኑን ሐኪሙ ቢነግሩዎት ኖሮ መልካም ነበር፤ ይህን የመሰለውን ነገር ለመናገር ጊዜ አይተርፋቸውም ይሆናል። ካልከበደዎት አንድ ቀን ተመልሰው ሄደው «ሌላ አማራጭ ነበረኝ ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቋቸው። በሆድ የሚብላላ ጥያቄ ከመልሱ ይልቅ ያደክማል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ያሳሰበኝ ግን ስለ ጉሬዛ የጻፉት ነው። ለአምባዛ ጢሙን፣ አነጣጠሩንና የተገኘበትን ቦታ ሳይቀር ነግረውኛል። ለእንግዳም እንዲሁ። 5 ዓመት አብራችሁ ለኖረችው ጉሬዛ ግን የስሟን አወጣጥና አሟሟቷን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ በመካከሉ ያለው ሕይወቷ የለም። አሟሟቷን በነገሩኝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ልጅዎ ገብቷል። በሩን ክፍት የተወው እሱ መሆኑን እሱ ራሱ ያውቃል? በቤታችሁ ውስጥ ይህ ነገር ተነግሮ ያውቃል ወይስ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሁላችሁም ስሟን ማንሣት ትታችኋል?

የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የ9 ዓመት ልጅ ስሟን ያወጣላት ውሻ እሱ በከፈተው በር ወጥታ ስትሞት ማንም ባይቆጣው እንኳ ፍርዱን በራሱ ላይ ይሰጣል፤ አዋቂዎቹ እሱን ላለማስከፋት ብለው ዝም ሲሉ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ ማረጋገጫ ይወስደዋል። አሁን 16 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ስለ ጉሬዛ እንነጋገር» ቢባል አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ማየቱ አይቀርም። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ይቀላል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ወይም ዓሣ ገበያው ድረስ ማለዳ አብራችሁ ውጡና፣ ጉሬዛዎቹ የሚዘሉበት ዛፍ ሥር ስትደርሱ «ስሟን ስታወጣላት ትዝ ይልሃል?» ብለው ይጀምሩ። ስለ በሩ እርስዎ ቀድመው ያንሡት፤ እሱ እስኪያነሣው አይጠብቁ። የሚሉትም አጭር ይሁን፤ በሩን መዝጋት የአዋቂዎች ሥራ ነበር፣ መርዙንም መንገድ ላይ የጣለው አንተ አይደለህም። ስለ መርዙም ቢሆን ልጅዎ ቢያውቀው የሚጠቅመው ነገር አለ። የመንገድ ውሾችን ለመግደል ሲሠራበት የኖረው ስትሪክኒን ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት ይጀምራል፤ ለይቶ የሚያከሽፈው ማርከሻም የለውም፤ ቶሎ ሮጦ አባቱን ቢጠራ ኖሮ ትድን ነበር ብሎ ለ7 ዓመት ሲያስብ ከኖረ ይህን ይንገሩት። ምናልባት ጨርሶ አያስበውም ይሆናል፤ ያኔም ቢሆን የጠፋ ነገር የለም፤ ማለዳ ሐይቅ ዳር ተራምዳችኋል።

ከልጅዎ ቀጥሎ ባለቤትዎ ይመጣሉ። «ሦስቱንም ጉድጓድ የቆፈረው ባለቤቴ ነው» ብለው በግማሽ መስመር ያለፉትን ነገር እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ጅብ እንዳያወጣው ተብሎ የሚቆፈር ጉድጓድ ከወገብ የማያንስ ነው፤ ሰውዬው ይህን ሦስት ጊዜ ቆፍረዋል። ግድ የሌለው ሰው ለማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ማንሻ ጋሪ አስረክቦ ይገላገላል። «ዕብደት ነው» ማለታቸው ምናልባት «የደፈንኩትን ጉድጓድ እንደገና እንድከፍተው አትጠይቂኝ» ማለት ይሆን? የአገራችን ወንድ ሐዘኑን ብዙ ጊዜ በዶማ ነው የሚናገረው። ስለዚህ በአጥንቱ ጉዳይ ከመከራከር ይልቅ «አምባዛን ስትቀብረው ምን አሰብክ?» ብለው አንድ ማታ ይጠይቋቸውና ዝም ብለው ያድምጡ።

ስለ አጥንቱ ያለኝን አስተያየት ሳላለዝብ ልንገርዎት፤ አይቆፈር። ከባለቤትዎ ጋር የምስማማው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሁለት ወር በአፈር ውስጥ የቆየች እንግዳ ገና አጥንት አልሆነችም፤ አምባዛም ሙሉ በሙሉ ሆኗል ማለት አይቻልም። የመጨረሻ ሆኖ በዓይነ ኅሊናዎ የሚቀረው መልኳ ከመርፌው በኋላ እንደ ተኛች የነበረው ይሁን እንጂ ዶማ የሚያወጣው አይሁን። ጉሬዛን ብቻ ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ ግን ከሁለቱ ለይተው ብቻዋን ይርጋለም ሊወስዷት ይፈልጋሉ? ይልቅስ ከመልቀቃችሁ በፊት ገዢውን አንድ ጊዜ ያነጋግሩ። አቮካዶው ያለበት ጥግ የሕንፃው መሠረት የሚወርድበት ከሆነ ሠራተኞቹ ሳያውቁ እንዳይደርሱበት ይንገሯቸው፤ ካልሆነ ደግሞ ዛፉን እንዲያቆዩት መጠየቅ ነውር የለበትም። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ መቁረጥ ለሲዳማ ሰውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ይመልሱልዎታል፣ አይመልሱልዎትም አላውቅም፤ መጠየቁ ግን «ጥዬአቸው ሄድኩ» ከሚለው ስሜት ያድንዎታል።

እንዴት ላስታውሳቸው ለሚለው የሰውን ሥርዓት ለውሻ እንዲወስዱ አልመክርም። አርባና ተዝካር የሰው ነው፤ ለእንግዳ ቢያወጡት ጎረቤት ከመሳቁ በፊት እርስዎ ራስዎ ይከፋዎታል ብዬ እፈራለሁ። ከመንገድ የተነሣ ውሻ ግን የራሱ የሆነ ነገር አለው። የልደቱ ቀን አይታወቅም፤ እርስዎ የሚያውቁት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የመጣበትና የሞተበት። ሰው የሚዘከረው በሞተበት ቀን ነው፤ ለእነርሱ የመጡበትን ቀን ይያዙላቸው። እንግዳ የመጣችው በሐምሌ ዝናብ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ አንድ ማታ በሩን ሲደበድብ፣ ባለቤትዎና ልጅዎ ባሉበት ቡና ይፈላና በስልካችሁ ያሉት ፎቶግራፎች ይውጡ፤ የታኘከውን ስሊፐርና የተሰረቀውን ዶሮ ወጥ ሳይቀር (በእያንዳንዱ ውሻ ያለበት ቤት የተሰረቀ ነገር አለ) ተረኩት። ያልተደረሰው ለቅሶ ይኼ ነው። ፎቶግራፎቹን ከስልኩ አውጥታችሁ አሳትሟቸው፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል።

መሳቢያውን ለመክፈት አይቸኩሉ። ሲከፍቱት ግን ብቻዎን አይሁኑ፤ እርስዎ የስፌት ሰው ነዎትና ማሰሪያዎቹን ምን እንደሚያደርጓቸው ከእኔ የተሻለ እጅዎ ያውቃል። እንግዳ ትተኛበት ከነበረው ጨርቅ ቁራጭ ካለ በአንድ ላይ ሰፍተው አንድ ትንሽ ነገር፣ የመርፌ መሰኪያ ትራስ እንኳ ቢሆን፣ ሊወጣው ይችላል። በየቀኑ የሚነኩት ዕቃ በግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሥዕል ይልቅ ይቀርባል።

ቀደም ብዬ ስለ እብድ ውሻ ያነሣሁትን እዚህ ላይ ልመልሰው። እ.ኤ.አ. መስከረም 28፣ በእኛ መስከረም 18 ቀን፣ በዓለም ዙሪያ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን ሆኖ ይውላል፤ ቀኑ የበሽታውን ክትባት ያስገኙት ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 ያረፉበት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። እርስዎ ከተማውን አያስከትቡም፤ በጉሬዛ፣ በአምባዛና በእንግዳ ስም በየዓመቱ ሦስት የሰፈር ውሾችን ማስከተብ ግን የሚችሉ ይመስለኛል። ይህን ሲያደርጉ የሳቀችው ጎረቤትዎ ልጆች ጭምር ይጠበቃሉ፤ ለእርሷ ግን መንገር አያስፈልግዎትም።

ቡችላውን በተመለከተ «መክዳት» የሚለውን ቃል ከላዩ ያንሡለት። እንግዳ ራሷ የመጣችው ጉሬዛ በሞተች በወሩ ነበር፤ ያኔ ጉሬዛን ከዱ? እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁለት ወር አብልተው አላምደውት ሦስተኛ ፎቅ ላይ መውሰድ ካልቻሉ የሚፈርስ ቤት በር ላይ የሚቀር እሱ ነው። ስለዚህ ወስነው ያስገቡት ወይም ወስነው ሌላ ቤት ይፈልጉለት። ለመወሰን በኮንዶሚኒየሙ ያሉ ነዋሪዎች ስለ ውሻ ያላቸውን ደንብ ይጠይቁ፤ በቀን ሦስቴ ደረጃ የሚያወርደው ማን እንደሆነ ከልጅዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ባለቤትዎንም አሁኑኑ ሳይሆን ስለ አምባዛ ካወራችሁ በኋላ ያማክሯቸው። የእንግዳ ዓይነት ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፍ አይደለም፤ ለማረጋገጥ ግን ሐኪሟን ይጠይቁ። ቤት የሚፈልጉለት ከሆነም ክትባቱን አስወግተው ቢሰጡት የሚቀበለው ሰው አይጠፋም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መንቃትዎ ከቤት ለውጡ በኋላም ከቀጠለ፣ የምግብ ፍላጎትዎም ከቀነሰ ወይም ሥራዎን መሥራት ካቃተዎት ሆስፒታል ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ «በውሻ ምክንያት ነው» ለማለት አይፈሩ፣ ባለሙያ አይስቅም። እስከዚያው በዚያች ሰዓት ሲነቁ በሩን ይክፈቱት፤ 7 ዓመት ሲከፍቱት የኖሩት በር ነው፤ ጥቂት ቆመው ጎሕ ሲቀድ ይዩና ይመለሱ።

አንድ ቀጠሮ ያለው ሥራ ግን አለ፤ ሁለት ወር ብቻ ስላለዎት በዚህ ሳምንት ይጀምሩት። ከዚያ አቮካዶ ሥር የወደቀ የበሰለ ፍሬ ፈልገው ሦስት ዘር ያውጡ። ልጣጩን ሳይጎዱ አጥበው፣ ጠፍጣፋውን ጫፍ ወደ ታች፣ ሾጠጥ ያለውን ወደ ላይ አድርገው፣ ከየመቃብሩ ላይ በተወሰደ አፈር በተሞላ ላስቲክ ውስጥ እስከ ወገቡ ይትከሏቸው። አፈሩ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋትበት። ከጥቂት ሳምንታት ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ሁለት ወርም ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ባለመብቀሉ አይደንግጡ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ዓመት ይወስዳል፣ ፍሬውም እንደ እናቱ ላይሆን ይችላል፤ እኔ እንደ ጉድለት አላየውም። በረንዳ ላይ ጠንከር እስኪል ያቆዩትና ክረምት ሲገባ ይርጋለም ይውሰዱት። ጉድጓዱን ባለቤትዎ ይቆፍሩ። የጉሬዛን ችግኝ ልጅዎ ይትከለው።